«ለወገብ የሚሆን» ሲባል ሻጩ ይጠይቅ

ማምሻውን ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መድኃኒት ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ሲሸከሙ የዋሉ የቀን ሠራተኞች «ለወገብ የሚሆን ስጠኝ» ሲሉ መስማቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነው። ሻጩ ዋጋውን ይናገራል፤ ከዚያ ያለፈ ጥያቄ እምብዛም የለም። ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ።

እነዚህ ኪኒኖች የሚሠሩት ሳይክሎኦክሲጅኔዝ፣ ባጭሩ ኮክስ፣ የተባሉትን ኢንዛይሞች በመግታት ነው። ኢንዛይሞቹ ፕሮስታግላንዲን የተሰኙ ቅመሞችን ያስመርታሉ። የእነዚሁ ኪኒኖች ዘመድ የሆነው አስፕሪን ይህን ምርት እንደሚገታ የመድኃኒት ተመራማሪው ጆን ቬን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱም ሆኗል። ጣጣው ኮክስ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኮክስ-2 ጉዳት በደረሰበት ቦታ በዝቶ ሕመሙንና እብጠቱን ያብሳል። ኮክስ-1 ግን ጤነኛ ሰው ላይም ሥራ አይፈታም፤ ጨጓራን ከገዛ አሲዱ ይከላከላል፣ ደም እንዲረጋም ያግዛል። ኩላሊት በተለይ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው የሁለቱንም እርዳታ ይሻል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሁለቱንም ይገታሉ።

«ጨጓራ ካለብህ መርፌውን ተወጋ» የሚል ምክር ስሰማ እናደዳለሁ። መድኃኒቱ በአፍ ገባ በመርፌ፣ በደም ዞሮ እዚያው ጨጓራ ውስጥ ያለውን ኮክስ-1 ያገኘዋል።

ኮክስ-2ን ብቻ መምታትም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ የገባው ሮፌኮክሲብ ለጨጓራ ቀለል ያለ ነበር፤ ሆኖም ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ የሚያጋልጥ ሆኖ በ2004 አምራቹ ሰበሰበው። ኮክስ-2 ለካ ለደም ሥሮችም ያስፈልግ ኖሯል።

ታዲያ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጥ? አልልም። የቀን ሠራተኛ ካርድ ለማውጣት ሲሰለፍ የዕለት ገቢው ይቀርበታል፤ ወገቡም እውነት ታሟል። ሻጩ ግን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ታመህ ታውቃለህ? የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለህ? ሴት ከሆነች ደግሞ ነፍሰ ጡር ነሽ? ማለት አያቅተውም። ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒትና የሚያሸና ኪኒን በአንድነት የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክ ሲጨምርበት ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ለሳምንታት የሚሆን ሳይሆን ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ቆጥሮ ይስጠው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ኪኒኑን አቁሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት እንዲሄድም ይንገረው።