እርማት፦ ሐረርና ድሬዳዋ በአንድ ፕላን አይተዳደሩም
«ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ስለምታገኝ፣ የቤት ልማቷና የመንገድ ሥራዋም የሚወሰነው በድሬዳዋ መሪ ፕላን ነው» የሚለው አስተያየት በቅንነት የተጻፈ ቢመስልም ትክክል አይደለም። ውሃው በፓምፕ ዳገቱን መውጣቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን የአገልግሎት ትብብር እንጂ የአስተዳደር አንድነት አይደለም። ሐረሪ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 በስም የተዘረዘረ ክልል ሲሆን፣ ድሬዳዋ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 መሠረት ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ አስተዳደር ነው። ስለዚህ በሐረር የሸንኮር ወረዳ አንድ ነዋሪ የፕላን ቅሬታውን ይዞ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ቢወርድ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የሌለው ቢሮ ደጅ ይቆማል። የተጠራጠረ ሰው ሁለቱን ሕጎች ያንብብ፤ ወይም በይዞታ ካርታው ላይ ያረፈው ማህተም የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ ይመልከት።