ሐረሮች፣ ድሬዎች፦ ዓሣ የሚያጠናውን ሰው ለምን አንሰማውም?

የሐረርና የድሬዳዋ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው የመጣሁት። ከወቀሳው ራሴንም አላወጣም።

«ዓሣ ሲቆጥር ዕድሜውን ጨረሰ።» በርጫ ላይ ተሰብስበን ስለ ውኃ ተመራማሪ ሲወራ ይህን ስንል ስንት ጊዜ ሰማሁ! የሰው ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሲሆን ይኼኛው መረብ ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ ይቆማል ብለን አዘንንለት። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ለሐረር ቧንቧ ውኃ ይሰጥ የነበረው ሐረማያ ሐይቅ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ያኔ ማዘን የነበረብን ለራሳችን ነበር።

እስቲ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ተመልከቱት። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ መሬቱን በአፉ እየጫረ እንደ ሰሐን የከበበ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። እስኪፈለፈል፣ ግልገሎቹም ራሳቸውን እስኪችሉ በአፏ ይዛ ትዞራለች፤ በዚያ ሰሞን ምግብ የምትቀምሰው ከስንት አንዴ ነው። ወደዚህ ዳርቻ የውኃ መሳቢያ ቱቦ ስንዘረጋ፣ ውኃው ጥቂት ክንድ ሲሸሽ ከሁሉ አስቀድሞ ፀሐይ የሚመታው ያ ጎጆ ነው። ተመራማሪው የወጣለትን ዓሣ ሲመዝንና ሲለካ፣ ሆዱን ከፍቶ የበላውንና የያዘውን እንቁላል ሲያይ፣ ከራሱ ውስጥ የጆሮ አጥንቱን ፈልቅቆ በማይክሮስኮፕ የዕድሜ ቀለበቱን ሲቆጥር የሚፈልገው ይህንን ነው። ዓሣው ገና ሳያድግ መራባት ጀምሯልን? የዘንድሮው ግልገል ከአምናው አንሷልን? የቧንቧችን ወሬ ያለው እዚያ አጥንት ላይ ነው፤ ቧንቧው ከመድረቁ በፊት።

የሚነግረን ሰው አልጠፋም። ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ ሁለት ሐይቆችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2003 ጥናት አሳትመዋል። አንዱ ሐረማያ ነው፤ ሌላው ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው ሆራ ኪሎሌ። ኪሎሌ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ስለገባበት ጨዋማነቱ ጠፍቶ ሌላ ሐይቅ ሆነ። የእኛው ለጫትና ለአትክልት በሞተር እየተሳበ፣ ለከተማ እየተቀዳ፣ ከተራቆተው ተዳፋት ደለል እየወረደበት ሄደ። ሁለቱንም የለወጣቸው የሰው እጅ ነው። ጥናቱን ማናችን አነበብነው? ማን ጠርቶ አስረዱን አለ?

ከዚያ በኋላ የሆነው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ቦቴ ሲጠበቅ እኔም ተሰልፌአለሁ። እናቴ ዕቃ ያጠበችበትን ውኃ አጥልላ ልብስ ስታጥብበት አይቻለሁ። በመጨረሻ ለሐረር ውኃ የመጣላት ከድሬዳዋ በኩል ከቆላው ጉድጓድ ተስቦ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው፤ በእጃችን የነበረውን ሐይቅ ጨርሰን ያንን ሁሉ ዳገት ውኃ በሞተር ሽቅብ እንገፋለን።

ድሬዎች፣ የሐረር ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉት። የደጫቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ሆኖ ቆይቶ በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት ስንቱን ሰው ከነቤቱ እንደወሰደ እናንተ ታውቁታላችሁ። ያን ጎርፍ የላከው ጋራና የሐይቁን ደለል ያወረደው ተዳፋት ጎረቤታሞች ናቸው።

አሁን ፈጣሪ ምሮን የሐረማያ ውኃ ተመልሷል፤ ሞተሩም አብሮት ተመልሷል። አባቶቻችን ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይሉ ነበር። ስለዚህ፣ ሐይቁ ዳር የምታርሰው ወንድሜ፣ ቱቦህን ከዳርቻው አርቅ፤ እስከ ውኃው አፍ ድረስ አትረስ። አጥማጁም ግልገል የሚያስቀር ጠባብ መረብ አትጣል። በወንበር ላይ ያላችሁ ደግሞ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ደጃችን ያለውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጃችሁ ዓሣ ላጥና ብትላችሁ አትሳቁባት።

በሐይቁ መንገድ ስታልፉም አንድ ወጣት እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ መረብ ሲያወጣ ብታዩ ቆም በሉ። ዘንድሮ ግልገሉ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን እስኪጨርስም አትሂዱ።