ከወንበር የወረደ ሰው የት ይገባል?

እዚህ ጀርመን አንድ ባለሥልጣን ሲነሳ ሰው የሚጠይቀው «አሁን ደግሞ የት ሊቀጠር ነው?» ብሎ ነው። እኛ አገር ግን መጀመሪያ የሚመጣው «ታሰረ እንዴ?» ነው። ካልታሰረ ደግሞ «አምባሳደር ሊያደርጉት ነው አሉ»።

አንጌላ ሜርክል 16 ዓመት አገር መርተው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ለተተኪያቸው አስረክበው ወጡ። ቻንስለር ሳሉም በሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ራሳቸው ሲገበያዩ ፎቶ ተነስተዋል። ስለዚህ ሲወርዱ ኑሯቸው ብዙም አልተናጋም። በ2024 የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። መንግሥት ቢሮና ሠራተኛ ይከፍልላቸዋል፤ እሱንም «በዛ» ብሎ የሚያጉረመርም አልጠፋም።

ፈረንጅ ሁሉ ጨዋ ነው ማለቴ አይደለም። ከሳቸው በፊት የነበሩት ጌርሃርድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ2005 ሥልጣን በለቀቁ ማግስት፣ ወንበር ላይ ሳሉ ሲደግፉት የነበረው የሩሲያ ጋዝ ቧንቧ ፕሮጀክት ውስጥ ገቡ። በኋላም ሮስኔፍት የተባለው የሩሲያ ነዳጅ ኩባንያ የቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ዩክሬን ስትወረር ጉዱ ገነፈለ፤ በ2022 ከግብር ከፋዩ ኪስ የሚከፈልላቸው ቢሮ ተወሰደባቸው። ጀርመኖች ከሳቸውም ከሌሎችም ተምረው እ.ኤ.አ. በ2015 ሕግ አውጥተው ነበር። ሚኒስትር የነበረ ሰው አዲሱ ሥራው ከድሮው ኃላፊነቱ ጋር የሚጋጭ ከሆነ እስከ 12 ወር፣ ከባሰም እስከ 18 ወር ሊታገድ ይችላል።

ወደኛ ስመጣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል። እኔ ከስግብግብነቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የሚታየኝ። ምን ይፈረዳል? ፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ ሁለቱም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ ኅዳር 1967 ከሌሎች ሹማምንት ጋር ተረሸኑ። ኮሎኔል መንግሥቱ ዚምባብዌ ናቸው። ከደርግ ባለሥልጣናት ሁለቱ ጣሊያን ኤምባሲ ውስጥ 30 ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ 12 ዓመት እስር ቤት።

የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ግን ሌላ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሰውየው የፕሬዚዳንትነት ዘመናቸውን ጨርሰው በ1994 ወጡ። በዚያው ሰሞን የወጣ አዋጅ፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በፓርቲ ፖለቲካ ከገባ ጥቅማጥቅሙን እንደሚያጣ ደነገገ። እሳቸው በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ። በፓርቲ ባይወዳደሩም ጥቅማቸው ተቋረጠ። በኋላም የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኑ። ሚያዝያ 2011 ያረፉት እዚሁ ጀርመን፣ ስደተኛ ሆነው በተማሩበት አገር ነው። ሜርክል ተቃዋሚ ሆነው ቢወዳደሩ ጡረታቸውን የሚነጥቅ ሰው ይኖራል? አይመስለኝም።

በ2001 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 653 ወጣና ለተሰናባች ባለሥልጣናት መኖሪያ ቤት፣ መኪና፣ ሕክምና እንደየደረጃቸው ተደነገገ። «ለነሱ ብቻ!» ብሎ ያማረረ ብዙ ነው። እኔ ግን እደግፈዋለሁ። ቤቱን የማያጣ ሰው ወንበሩን የሙጥኝ የሚልበት ምክንያት አንድ ይቀንሳል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በ2010 መልቀቂያ አስገብተው፣ ሳይታሰሩም ሳይሰደዱም፣ ከባለቤታቸው ጋር ፋውንዴሽን አቋቁመው መሥራታቸው ለኛ ትልቅ ዜና የሆነውም ለዚህ ነው። ለሌላው አገር ተራ ነገር ነበር።

እዚህ እኛ ከተማ ለቅሶ ቤት የሚመጡ አንድ የቀድሞ ሹም አሉ። የየትኛው መንግሥት እንደሆኑ ይቅር። በአዘቦቱ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድሩ ይውላሉ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ግን ግማሹ ብድግ ይላል፣ «ክቡርነትዎ፣ እዚህ ጋ» ይባላሉ። ጀርባቸውን ሲያዞሩ ያው ሰው «ስንቱን አስለቅሶ!» ይላል። አንድ ቀን ቡና ይዘን አጠገባቸው ተቀምጬ ማስታወሻ ለምን እንደማይጽፉ ጠየቅኳቸው።

«የማንን ልጽፍ ነው?» አሉኝ። «የሞቱት ዘመድ አላቸው፤ በሕይወት ያሉት ሥልጣን አላቸው።»