ዓባይ በረሃን ያላየ አልፕ ዱዌዝን ያመሰግናል

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ለብስክሌትም ይሠራል። ሐምሌ በመጣ ቁጥር አውሮፓ ያለው አበሻ የፈረንሳዩን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን በቴሌቪዥን ይከፍትና አልፕስ ተራሮች ላይ ያለውን አልፕ ዱዌዝ የሚባለውን ዳገት ያየ እንደሆነ «ይሄንንስ እንዴት ይወጡታል!» ብሎ ያደንቃል። ከዚያም አልፎ ብስክሌት ገዝቶ፣ መኪናው ላይ ጭኖ፣ በዳገቱ ሥር ወዳለችው ቡር ዱዋዛን የሚሄድ አለ። የአገሩን ዳገት ግን አውቶቡስ ውስጥ ተኝቶ ነው ያለፈው።

ቁጥሩን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። አልፕ ዱዌዝ ከ720 ሜትር ከፍታ ተነስቶ 1,860 ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 13.8 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ዳገቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮንም ሆነ ወደ ደጀን ያለው መንገድ በየወገኑ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የሚያስወጣውም 1,400 ሜትር ያህል ነው። በአልፕ ዱዌዝ አካባቢ ትልቅ ስም ያለው የጋሊብየ የተራራ መተላለፊያ 2,642 ሜትር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ግን ጣርማበር ዋሻን ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ሆኖ በየቀኑ ያልፋል፤ ማንም ሜዳሊያ አልሸለመውም።

ስለዚህ ልዩነቱ የተራራው ቁመት አይደለም። ሰው የት ይኖራል የሚለው ነው። በአልፕስ ሰው የሚኖረው በብዛት ሸለቆ ውስጥ ነው። በአልፕ ዱዌዝ ሥር በሚፈሰው በሮማንሽ ወንዝ ዳር ዳቦ ቤቱ፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ሐኪሙ፣ ማደሪያው ሁሉ ታች ተሰብስቧል። ብስክሌተኛው ባልደከመ እግር ወደ ላይ ይነሳል፤ ካቃተው ብስክሌቱን ያዞርና ቁልቁለቱ ራሱ ቤቱ ያደርሰዋል። እኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው የሚኖረው ደጋ ላይ፣ ሸለቆው በረሃ። መጀመሪያ ይወረዳል፣ ከዚያ ከሙቀቱ ውስጥ ይወጣል። ድልድዩ ጋ ደርሶ «ደከመኝ» ላለ ሰው በየትኛውም ወገን የሚጠብቀው ዳገት ነው። ጎማ ቢፈነዳም ጎሚስታው ያለው ላይ ነው። ማርሹም፣ ፍሬኑም፣ ውሃውም፣ የመነሻ ሰዓቱም ከዚህ የተነሳ ይለያያሉ።

ከማርሽ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ዳገት በካቴናው ክቦች ላይ ያለው የጥርስ ብዛት ከፊት በትንሹ ክብ 34፣ ከኋላ በትልቁ ክብ 34 የሆነ ብስክሌት ይበቃል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ 2.1 ሜትር ያስኬዳል። በደቂቃ 70 ጊዜ የረገጠ ሰው በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል ማለት ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብስክሌቱና ውሃው ተጨምሮ 85 ኪሎ ቢሆን፣ 8 በመቶ ዳገት ላይ በዚህ ፍጥነት ለመሄድ ወደ 180 ዋት ያስፈልገዋል። አልፕ ዱዌዝን በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ይህ ለጤነኛና ለተለማመደ ሰው የሚቻል ነው። አሁን ያንኑ ሰው 39 እና 25 ጥርስ ባለው የድሮ የውድድር ብስክሌት ላይ አስቀምጡት። በዚያው ፍጥነት የሚረግጠው 45 ጊዜ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ እርግጫ እንደ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል። የሚያልቀው ሳንባው ሳይሆን ጉልበቱ ነው። በርካሽ የተገኘ የውድድር ብስክሌት ይዞ ዳገት የሚሄድ ሰው ከምንም በፊት የኋላውን ጥርስ ያስቀይር። ጥርሱ ሲተልቅ ካቴናው ያጥርበታል፤ የማርሽ መቀየሪያው ክንድም አጭር ከሆነ ትልቁን ጥርስ አይደርስበትም። ሦስቱ አብረው ይታያሉ።

ሁለተኛው ስህተት አጀማመር ነው። አልፕ ዱዌዝ 21 መታጠፊያዎች አሉት። ቁጥራቸው ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው፤ ታች 21፣ ላይ 1። በየመታጠፊያው እዚያ ያሸነፈ ጋላቢ ስም ተጽፏል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1952 ያሸነፈው ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች 10 በመቶ ይደርሳሉ፣ እግር ደግሞ ገና ትኩስ ነው። እዚያ የፎከረ ሰው መታጠፊያ 16 ላይ መሪው ላይ ተደፍቶ ይገኛል። ብልሃቱ ማውራት እስኪቻል ድረስ ዝግ ማለት፣ በየመታጠፊያውም ውጭ ውጭውን ይዞ ማለፍ ነው፤ ውስጠኛው ጠርዝ አጭር ቢሆንም ዳገቱ ይበረታበታል።

በፈረንሳይ መተላለፊያዎች ላይ በየኪሎ ሜትሩ ለብስክሌተኛ የተተከለ ምልክት አለ፤ ከፍታውን፣ የቀረውን ርቀት፣ የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር ስንት በመቶ እንደሚያዘነብል ይናገራል። ርካሽ ነገር ነው፤ ግን ለደከመ ሰው ጉልበቱን እንዴት እንደሚያካፍል ይነግረዋል። ከዓባይ ሲወጡ የሚያጽናና ሰሌዳ የለም። በእጅ ስልክ የከፍታ መቁጠሪያ አስቀድሞ መጫን ይጠቅማል።

ፍሬን ላይ ግን መቆየት አለብን፤ የሚገድለው እሱ ነው። 85 ኪሎ 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 3 ሊትር ተኩል ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ለማፍላት ይበቃል። በፍጥነት የወረደ ሰው አብዛኛውን ለነፋስ ይሰጠዋል። ፈርቶ ፍሬኑን ሳይለቅ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚወርደው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ቸርኬው ላይ ያራግፈዋል። ሸራው ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ላይ ቸርኬው ይግላል፣ የውስጥ ጎማው ይፈነዳል፤ የካርቦን ቸርኬ ደግሞ ሊላቀቅ ይችላል። በዲስክ ፍሬን ሸራው በሙቀት እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ፍሬኑም መያዝ ሊያቆም ይችላል። ትክክለኛው አሠራር አጭርና ጠንካራ ነው፦ ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም እጅ አጥብቆ መያዝ፣ መታጠፊያው ውስጥ መልቀቅ፣ የውጭውን እግር ወደ ታች መርገጥ፣ ዓይንን ወደ መውጫው መወርወር። ጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ለዚሁ ነው። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ያልሸተተው የጎጃም መንገደኛ የለም፤ ያን ሽታ ከኋላው ያሸተተ ብስክሌተኛ ጥጉን ይያዝና መኪናውን ያሳልፈው።

እዚህ ላይ አስፋልቱም ይለያል። በአልፕስ መታጠፊያው ላይ የሚፈራው ከገደሉ የወረደ ጠጠርና እርጥብ ዋሻ ነው፤ የኋላ መብራት ግዴታ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል። በዓባይ ቁልቁለት አስፋልቱ በከባድ መኪናና በሙቀት ተጨፍልቆ እንደ ትልም ይሆናል፣ መሬቱም ይንሸራተታል። ቀጭን ጎማ ትልሙ ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም። ለአልፕስ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ በ5 ባር ይበቃል። ለዓባይ ግን ከ35 በታች ድፍረት ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚለው ፉከራ በየካፌው ይሰማል። ለዓመታት ሮተርዳም ወይም ፍራንክፈርት የኖረ ሰው ሳንባ ግን የሚያውቀው የሰፈሩን አየር ነው፤ ጋሊብየ ላይ እንደ ማንም ያለከልካል። ደገኛ ሁሉ ዳገት ወጪ አይደለም ደግሞ። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ (በነጥብ አንደኛ ለሆነ የሚሰጠውን) የወሰደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም ከ2,300 ሜትር ከፍታ ከአስመራ ነው የመጣው፤ ሆኖም የሚታወቀው በዳገት ሳይሆን መድረሻው ላይ በሚፈነጥቀው ፍጥነት ነው።

ልብስ፦ ጋሊብየ ጫፍ ላይ በሐምሌም ጠዋት ውርጭ ቢጤ ያጋጥማል። በላብ የረጠበ ሰው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ጣቱ ይደነዝዝና ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ቀጭን የነፋስ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ከኪስ አይጠፋም። የድሮ ጋላቢዎች ጫፍ ላይ ጋዜጣ ተቀብለው ከማሊያው ሥር ይሸጉጡ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል።

ምግብ በሰዓት 60 ግራም ያህል ስኳርና ስታርች ነው የሚፈለገው። በየሱቁ የሚሸጠው የታሸገ የጋላቢ ምግብ ውድ ነው፤ ቴምርና ሙዝ ይተካዋል። 100 ግራም በሶ ወደ 70 ግራም ይሰጣል። ጠርሙስ ውስጥ ሲበጠብጡት ግን ቀጠን ይበል፣ በማር ይለውስ፣ አለዚያ አፉን ይደፍነዋል። ጭኮ ለመንገደኛ እንጂ ለዳገት አይሆንም፤ ቅቤው ሆድ ላይ ይቀመጣል።

ውሃ በአልፕስ መንደሮች ከምንጭ በነፃ ይቀዳል። «ኖን ፖታብል» የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም። የፈረንሳይ ሕግ መኪናው ከከተማ ውጭ ብስክሌተኛን ሲያልፍ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዛል፤ በበጋም አንዳንድ ጠዋት ዳገቶቹ ለመኪና ይዘጋሉ።

ዓባይን ለመሞከር ያሰበ ግን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው ካጣራ በኋላ፣ ከጎሃ ጽዮን ሲነጋ ይነሳ። 4 ሊትር ውሃ ይያዝ፤ ሲወርዱ ክብደቱ አይታወቅም፣ ሲወጡ ደግሞ እየተጠጣ ይቀላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድልድዩን መሻገር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ራሱ ሙቀት ይተፋል። ከድልድዩ ወዲያ ጥላ ካለበት ቦታ ቆሞ ቸርኬው እስኪበርድ ይጠብቅና የፍሬን ሸራውን ይይ። ፎቶውን ግን ድልድዩ ላይ አያንሳ፤ ጥበቃዎቹ አይወዱም። ደጀን ደርሶ ይነሳል።