ጠጋ በሉ፣ ሞልቷል!

ስደተኛ ስለ አገሮች ውህደት የሚያስበውን ማወቅ ከፈለጋችሁ መጠይቅ አትበትኑ። አየር ማረፊያ ሂዱና የትኛው ሰልፍ ላይ እንደቆመ እዩ። አጭሩ ሰልፍ ላይ ያለው "አንድነት ኃይል ነው" ይላችኋል። ረጅሙ ላይ ያለው ሻንጣውን በእግሩ እየገፋ "እነዚህን አንድ ሁኑ ያላቸው ማነው?" ይላል።

እንደኔው ለንደን የሚኖር ጓደኛ አለኝ። አገሩን አልናገርም፣ ይጣላኛል። የገባው በቪዛ ነው። የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሳንባ ምርመራ፣ በመሃል ሁለቴ "አልተፈቀደም"። ፖላንዳዊው ጎረቤቱ ግን አገሩ፣ ያኔ እንደ ብሪታንያ፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች መታወቂያውን አሳይቶ ገባ። በቃ። ጓደኛዬ ይህችን ነገር ይቅር ብሎ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ መጣ። ሕጉ ራሱ ቀልድ ነበር። ሃያ ዓመት የኖረ ጣሊያናዊ የብሪታንያ ዜግነት ካልወሰደ ድምፅ የለውም። ጓደኛዬ ግን አገሩ የኮመንዌልዝ፣ ማለትም የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች የሚበዙበት ማኅበር፣ አባል ስለሆነች በውጭ ፓስፖርቱ ይመርጣል። የኔ አባል አይደለችም፤ ስለዚህ ተመልካች ሆንኩ።

"ይውጡ!" አለኝ።

"ኅብረቱ ምን አደረገህ?"

"ወንድሜ ሦስቴ ቪዛ ተከልክሏል። አውሮፓውያኑ ሲቀሩ ለኛ ቦታ ይገኛል።"

ሐሳቡ የሱ ብቻ አልነበረም። እንውጣ ባዮቹም ለኮመንዌልዝ ተወላጆች የሚሰብኩት ይህንኑ ነበር። 51.9 በመቶው "እንውጣ" ሲል ጓደኛዬ የቀረውን 48.1 ብቻውን ያሸነፈ መሰለው። በዚያው ምሽት ደግሞ፣ ሳያፍር፣ "የኛ አገሮች መቼ ይሆን ድንበር የሚያፈርሱት?" ብሎ ተከዘ።

አውቶቡስ ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። ውጭ ቆሞ "ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!" ይላል። አንድ እግሩ ከገባ በኋላ "ሞልቷል፣ ንዳው!" እኔም ብሆን አላደርገውም ብዬ አልምልም።

በ2019 ዜግነት ወሰደ። የአዲሱን ፓስፖርት ፎቶ "ከእንግዲህ ሰልፍ የለም" ብሎ ላከልኝ። እውነትም እስከ 2020 መጨረሻ አልነበረም።

በ2022 አብረን ብራስልስ ሄድን። ከአውሮፕላን እንደወረድን እኔን ከነቪዛዬ ረጅሙ ሰልፍ ላይ ጥሎኝ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ አጭሩ ተራመደ። ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን አየችና በጣቷ ወደኔ ጠቆመችው። የብሪታንያ ፓስፖርት ከኅብረቱ ወጥቷል። መቆየት የሚፈቀድለት በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ሆነ፣ ከነማኅተሙ።

ተመልሶ አጠገቤ ቆመ። ቦታ ይዤለት ነበር። ለአርባ ደቂቃ ያህል ስለ አየሩ ብቻ አወራን። መሃል ላይ አንድ ቤተሰብ፣ ከነሕፃን ጋሪው፣ በአጭሩ ሰልፍ ሳይቆም አለፈ። በፖላንድኛ እየተሳሳቁ።

"እነዚህን ደግሞ ማን አሳለፋቸው?" አለ ጓደኛዬ።

"መታወቂያቸው" አልኩት።