ሁለት ቶነርና አንድ እሑድ

ነሐሴ ላይ ደሴ የገባ ሰው ከተማዋን ቶሎ አያያትም። ጉሙ ከጦሳ ይወርድና ፒያሳን ይሸፍናታል። ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ይሄዳሉ። ዘንድሮ ፍልሰታን አገሬ ልጹም ብዬ የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ መጣሁና እህቴ ቤት አረፍኩ።

እህቴ የምታድረው ደሴ፣ የምትውለው ኮምቦልቻ ነው። እዚያ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ስቶር ይዛለች። በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ትወርዳለች፤ ማታ ሽቅብ ትመለሳለች። ጠዋት ደራርባ የወጣችውን ኮምቦልቻ ስትደርስ ታወልቃለች።

የመጣሁ ሰሞን የማታ ወሬያችን አንድ ነበር፤ ቶነር። የፕሪንተር ቀለሙን ማለቴ ነው። አንዲት ባልደረባዋ "አሁን ቸኩያለሁ፣ ሞዴል 22ቱን ነገ እፈርምልሻለሁ" ብላ ሁለት ቶነር ወሰደች። ሞዴል 22 ዕቃ ከስቶር ሲወጣ የሚፈረምበት ቅጽ ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሆነ። አምና ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲመጣ ሁለት ቶነር ጎደለ። ሴትዮዋ "እኔ አልወሰድኩም" አለች። ሳይፈረም የወጣ ዕቃ የስቶሯ ባለቤት ዕዳ ነው። ከእህቴ ደመወዝ ተቆረጠ።

ታዲያ ተጣሉ? ኧረ የለም። ተኳረፉ እንጂ። አንድ ጀበና ከበው ይቀመጣሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ አብረው ይጠጣሉ፤ ዐይን ለዐይን ግን አይተያዩም። ስኒ እንኳን የሚቀባበሉት በሦስተኛ ሰው በኩል ነው። ያኔ ነገሩ ትኩስ እያለ የቢሮው ትልልቅ ሰዎች ሰብስበው "በሉ ተሳሳሙ" ብለዋቸው ነበር። ተሳሳሙ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባባሉ። ቶነር የሚለው ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። እሱን ማንሳት ነገር መቆስቆስ ነዋ!

አልዋሽም፣ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። እኔ በምሠራበት በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ እንዲህ ያለ ነገር ዓመት አይሻገርም። ትጽፋለህ፣ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ይጠራሃል፣ ሁለታችሁም ትናገራላችሁ፣ ይወሰናል፣ ፋይሉ ይዘጋል። የምን ሽማግሌ፣ የምን መሳሳም።

እኔ ራሴ ተጠቅሜበታለሁ። የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ አረጋዊ ደግሞ እሑድ የለውም። እኔ ግን እሑድ ማስቀደስ እፈልጋለሁ። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ ሠራተኛን በሃይማኖቱ ማበላለጥ ክልክል ነው። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጠበቀው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ጄራልድ ግሮፍ የሚባል የፔንሲልቬንያ ፖስተኛ ነበር። ፖስታ ቤቱ እሑድ እሑድ የአማዞንን ዕቃ ማደል ሲጀምር "በሰንበት አልሠራም" አለ። ተቀጣ። በ2019 ሥራውን ለቀቀ፤ ከሰሰ። ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ አሠሪ እምቢ ማለት የሚችለው ሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚመጣበት ሲያሳይ ነው አሉ። ባልደረቦች ሃይማኖቱን ስላልወደዱለት ብቻ አይከለከልም።

እኔም ይህን ጠቅሼ ጻፍኩ። ተፈቀደልኝ።

የግሮፍን ታሪክ ሳነብ ግን አንድ ነገር በዐይኔ ዘልዬዋለሁ። እሱ ያልገባባቸውን እሑዶች የሠሩት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ደስም አላላቸውም። የእኔን እሑድ የተሸከመችው ደግሞ አንዲት የጋና ሴት ናት። አንገቷ ላይ መስቀል አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ትሄድ ነበር ልበል እንጂ። ሁለታችንም ክርስቲያን፣ ሁለታችንም አንድ እሑድ ፈላጊ። እኔ ቀድሜ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ "ደህና አደርክ" አትለኝም። ፋይሉ ግን ተዘግቷል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት አርብ አርብ የመንግሥት ቢሮ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ሙስሊሙ ጁምዓ ሰግዶ እንዲመለስ ነው። ክርስቲያኑም አብሮ ይወጣል፤ ምሳውን ረጋ ብሎ ይበላል። ማንም የማንንም ተራ አልሸፈነም፣ ማንም ማመልከቻ አልጻፈም። አረጋውያንን እንዲህ ዘግቶ መሄድ እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢሆንም ቀናሁ።

ወደ ቶነሩ ልመለስ። ጾሙ የገባ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ፣ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፣ እህቴን በር ላይ አስቆሟት።

"አንቺ ልጅ፣ ጾም ይዛችኋል አይደል?"

"አዎ አባባ።"

"እኛ ዘንድ ከሦስት ቀን በላይ መኳረፍ አይፈቀድም። ለእናንተ ስንት ቀን ነው የተፈቀደላችሁ?"

"ዓመት አልፎናል ልበላቸው?" አለችኝ ማታ። እየሳቀች ነው የምታወራው፤ ግን ነገሩ ነክቷታል። ወሎ እንዲህ ነው። የአንዱን ጾም ሌላው ይቆጥርለታል።

ፍልሰታ ሲፈታ ለመቁረብ አስባ ስለነበር ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። የነገረችኝን ያህል እነግራችኋለሁ። የተጣላሽው ሰው አለ ወይ አሏት። "ታርቀናል አባቴ፣ አሳስመውናል" አለች። ስለ ዕቃው ነግረሻታል? "ኧረ ያልሰማ የለም፣ ቢሮው በሙሉ ያውቃል።"

"ቢሮውን አልጠየቅኩሽም" አሏት።

እኔ እዚህች ላይ ነው የደነገጥኩት። ማቴዎስ 18 ላይ ያለው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። የበደለህን መጀመሪያ ብቻህን ሄደህ፣ አንተና እሱ ብቻ ሆናችሁ ንገረው። እምቢ ካለ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር። ጉባኤው ከዚያ በኋላ ነው። እህቴ ከሐሜት ተነሥታ ሽማግሌ ላይ ደረሰች። እኔ ከኪቦርድ ተነሥቼ ኤችአር ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያዋን ደረጃ ሁለታችንም አልረገጥናትም። እሷስ ቢያንስ ተበድላ ነው። እኔ አልተበደልኩም፤ የሰው እሑድ ወስጄ ነው። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ የሚለው ደግሞ ለበዳዩ ነው። የኤችአር ቅጽ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሣጥን የለም። ነፍሴን ከጭንቅ አድኖኛልና ኤችአርን አላማውም፤ ግን ሥራው ሰውን ከሰው መለየት ነው እንጂ ማገናኘት አይደለም።

እህቴ በማግስቱ ሴትዮዋን ስቶር ጠርታ በሩን ዘጋች። ማታ ስትመለስ በር ላይ ነው የጠበቅኳት።

"ምን አለች?"

"ረስቼው ነው አለች።"

"አመንሻት?"

"ግማሹን።"

ያለ ምክንያት አይደለም። ሴትዮዋ የአንዱን ቶነር ዋጋ በሳምንቱ አምጥታ ሰጠች። ሁለተኛውን እስከ ዛሬ አልወሰድኩም ነው የምትለው። ስኒ ግን አሁን በቀጥታ ይቀባበላሉ።

ነሐሴ 16 መድኃኔዓለም አስቀደስን። ቅዳሴው መሐል ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው፣ ሁሉም ግራ ቀኙን ዞሮ እጅ ይነሣሳል። ከጎኔ ያሉትን ነጠላ የለበሱ እናት እጅ ነሣሁ። አላውቃቸውም፤ ምንም አልበደልኳቸውም። ሜሪላንድም እንዲሁ ነው የማደርገው፤ እሑድ በእሑድ፣ ምንም ያልበደልኩትን ሰው እጅ እነሣለሁ። በዚያች ሰዓት የጋናዋ ሴት የእኔን ሹፍት ይዛ አንድ አዛውንት ቁርስ እያበላች ነው።

በማግስቱ ከእህቴ ጋር ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ፣ የሹፍት መለዋወጫ ግሩፑ ውስጥ ስልኳን ፈልጌ ጻፍኩላት። ስመለስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሑዶች እኔ ልግባልሽ ወይ አልኳት። መልሱ ማታ መጣ።

"ማን ልበል?"

ሦስት ዓመት አብረን ሠርተን ስልኬን አልመዘገበችውም። ስሜን ጻፍኩላት።