ማስተካከያ፦ ሌዲ ካኒንግ የሞተችው ሕንድ ውስጥ ነው

ስለ ሌዲ ሻርሎት ካኒንግ፣ የሎርድ ካኒንግ ሚስት፣ በቅርቡ የወጣው አጭር ጽሑፍ መታረም አለበት። ባሏ ሕንድ የገባው የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ ሆኖ ነው፣ እሷም እንግሊዝ ተመልሳ ሞተች ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሎርድ ካኒንግ በ1856 ካልካታ ሲገባ ጠቅላይ ገዥ ነበር። ያኔ ሕንድን የሚያስተዳድረው ኢስት ኢንዲያ ካምፓኒ የተባለው የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ነው። እንደራሴ የተባለው በ1857 ሕንዶች በኩባንያው አገዛዝ ላይ አምፀው፣ በ1858 አገሪቱ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ከገባች በኋላ ነው።

ሻርሎት በ1817 ፓሪስ ውስጥ የተወለደች የአምባሳደር ልጅ ናት። ሕንድ ከመሄዷ በፊት የንግሥት ቪክቶሪያ የእልፍኝ ወይዘሮ ነበረች፤ ከሄደችም በኋላ ለንግሥቲቱ መጻፏን አላቋረጠችም። የውሃ ቀለምና ብሩሽ ከእጇ አይጠፋም ነበር። አበባ ትስላለች፣ ዛፍ ትስላለች፣ የደረሰችበትን አገር ሁሉ ትስላለች። ለእኔ ከባሏ ሹመት ይልቅ እሷን የሚያሳውቀን ይሄ ነው። በ1861 ወደ ዳርጂሊንግ ተራሮች ሄደች። ስትመለስ ወባ ያዛት። ኖቬምበር 18 ቀን ካልካታ ውስጥ ሞተች፤ ገና 44 ዓመቷ ነበር። የተቀበረችው እዚያው ቤንጋል፣ ባራክፑር ነው። እንግሊዝ የተመለሰው ባሏ ነው፤ እሱም በጁን 1862 ሞተ።

ሌላም አለ። በስሟ «ሌዲኬኒ» የሚባለውን ጣፋጭ እሷ ፈጠረችው መባሉም ስህተት ነው። ከትኩስ አይብና ከዱቄት ድቡልቡል ተደርጎ፣ ተጠብሶ ስኳር ውሃ ውስጥ የሚነከር የቤንጋል ጣፋጭ ነው። የሠሩት የአገሬው ጣፋጭ ሠሪዎች ናቸው፤ የእሷ ስሙ ብቻ ነው።